ሰባት ቁጥር ችካል

አሮጊት ቃዥታ ነው የሚል ካለ ይተወው፣ አልለምነውም። አልተኛሁም፣ መነጽሬም ዓይኔ ላይ ነበር። ፊደሌ ቢንጋደድባችሁ በአንድ እጄ ስለምጽፍ ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ። የሆነውም በገዛ ቤቴ፣ በኋለኛው ክፍል ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ የመሬት ባለሙያ ናት። ከመሬት በታች ያለውን ስንጥቅ እየተከተለች ካርታ ትሠራለች። መሬት ሲንቀጠቀጥ የሚላቀቀው በዚያ ስንጥቅ ነው። በላዩ ቤት አይሠራም፤ የተሠራም ይለቀቃል። ስንጥቁ ባለፈበት ሁሉ ቀይ ችካል ትተክላለች፤ ቁጥሩን በነጭ ቀለም ትጽፍበታለች።

ስድስት ቁጥር በራችን ፊት ቆመ።

ስምንት ቁጥር ከጓሯችን ጀርባ።

ሰባት ቁጥርን ይዛ ቤት ገባች... ዞር ዞር አለች... ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«እማማ፣ የዚህ ቦታው እዚህ ነው» አለችኝ፣ ወለሉን በእግሯ እየነካች።

የሚጢጢ አልጋ ሥር!

ሚጢጢ ልጇ ናት። አራት ዓመቷ ነው። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ትተኛለች።

«ባሌ በእጁ የለሰነውን ወለል ልታስለቅቂኝ ነው?»

«እኔ አይደለሁም እማማ፣ መሬቱ ነው።»

«እንግዲያው መሬቱን ንገሪው! እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

እሷ ለሁለት ሳምንት ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደች። ቀያሹ መጥቶ ችካሎቹ የቆሙበትን ለክቶ ካርታው ላይ ያሰፍራል ተባለ።

እኔ ምን አደረግሁ... ስድስትንና ስምንትን ነቅዬ አሥር አሥር እርምጃ ወደ ባዶው ሜዳ አዛወርኳቸው። ሰባትን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት።

«ማዘር፣ ሰባት ቁጥር የት ሄደ?» አለኝ ቀያሹ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ስትቆጥር ዘልላው ይሆናል።»

ለክቶ ሄደ። ካርታው ጸደቀ። ቤቴ በወረቀት ላይ ደህና ሆነ። ብቻዬን ሳቅሁ።

በማግስቱ ስወጣ... ስድስትና ስምንት ቦታቸው ተመልሰዋል።

አፈሩ አልተቆፈረም። ሣሩ እንኳ አልተረገጠም። ብነቀንቃቸው ብነቀንቃቸው፣ ዓለት!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን...

ዷ... ዷ... ዷ...

መዶሻ ነው። የሚመታው ግን ከታች ወደ ላይ ነው።

ያን ማክሰኞ ስገባ ሚጢጢ ከአልጋዋ ወርዳ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጥፋለች።

«ተነሺ የኔ እናት፣ ይበርድሻል።»

«እሽሽ... እየቆጠርኩ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አምስት... ስድስት...»

ደሜ ፈላ። ወለሉን በከዘራዬ መታሁት።

«ስማ! ማንም ሁን ማን፣ አልወጣም!»

ጸጥ አለ።

«ሰባት» አለች ሚጢጢ።

ሲሚንቶው ጧ አለ። ፍራሹ ከመሃሉ ብድግ አለ... ጨርቁ ተተረተረ... ቀይ እንጨት ወጣ።

የሾለው ጫፍ ወደ ላይ ነው። ቁጥሩ ተዘቅዝቋል። የልጅ ልጄ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰባት።

ያቃጠልኩት ሰባት!

ልጅቷን አፈፍ አድርጌ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

የልጅ ልጄ ረቡዕ ተመለሰች። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ልብስ መሸከፍ ጀመረች።

«እማማ፣ ችካሉ እንዴት እንደወጣ አላውቅም» አለችኝ። «ስንጥቁ ግን እዚያው ነው።»

ሐሙስ ችካሉን ታቅፌ ካርታውን ወዳጸደቀው ቢሮ ሄድኩና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት።

«ካርታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አርሙት!»

«እናቴ፣ የጸደቀ ካርታ እኮ...»

«እንግዲያው የራስህን ልጆች አምጣና እዚያ አስተኛቸው!»

«እናየዋለን» አለ።

ይኸው እስካሁን እያዩት ነው።

እኛ ከመንገዱ ማዶ ተከራይተናል። ወንዱ ልጄ «በካርታው ደህና ነው እኮ» እያለ ቤቱን ሊያከራይ ደላላ ይልካል፤ ደላላውም ልጅ ያዘሉ ሰዎች ያመጣል። እኔ በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ ከዘራዬን ይዤ እቀመጣለሁ።

«ማዘር፣ ዛሬም?» ይለኛል ደላላው።

«ነገም!» እለዋለሁ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ተቀምጬ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ስድስት ቁጥር ከእግሬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል።

ዝቅ አለ።

ማንም አልነካውም። ደግሞ ዝቅ አለ... ከሥር የሚጎትተው ያለ ይመስል፣ ቀስ እያለ፣ ቁጥሩ ገባ፣ አናቱ ገባ... አፈሩ ተከደነ፣ ሣሩ ቀና አለ።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አትጠይቁኝ። ሚጢጢ በአዲሱ አልጋዋ ላይ ተኝታ ነበር። ብድግ አደረግኋት።

አሁንም ክንዴ ላይ ናት። እግሬን ከወለሉ አንስቼ፣ ከዘራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ካርታው እስኪታረም አላወርዳትም።

ባዶው አልጋ መሃል ላይ ፍራሹ ትንሽ... ብድግ ብሏል።