የማን ወስፋት ነው?

«በአላህ ይዤሃለሁ ሙስዐብ፣ አንተ ሙላልኝ!»

ሙህዲን የሰገራ መመርመሪያዋን ትንሽ ዕቃ ለጓደኛው አስጨበጠው። የቆሙት ከሚሴ ውስጥ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ጀርባ ነው።

«አብደሃል እንዴ? ያንተ ሆድ በኔ ይመረመራል?»

«ወላሂ፣ አልወጣ ብሎኝ ነው።»

ውሸቱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለስ ነው ያረፈደው። ግን የሚወጣው ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ደም ተቀላቅሎበታል። አጎቱ ሸምሱ አምና በአንጀት ካንሰር ሲሞት ነገሩ የጀመረው በደም ነበር። ሙህዲን ፈርቷል፤ በጣም ፈርቷል። «ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ብቻ ነው የፈለገው።

እናቱ ረቢአ የጨፋ ሮቢትን ገበያ ትታ ነው ይዛው የመጣችው። ሆዱን እንደሚቆርጠው እንጂ ሌላውን አልነገራትም።

ሙስዐብ ደግ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በልቷል። ሞላለት።

«ወስፋት ነው» አለ የጤና መኮንኑ ይበልጣል፣ ውጤቱን እያየ። «ቀላል ነው፣ ክኒን አዝለታለሁ።»

«ወስፋት?» ሙስዐብ ከበሩ ላይ ጮኸ። «የማን ወስፋት?»

«የጓደኛህ ነዋ! አንተን ምን አስደነገጠህ?»

ሙስዐብ ሆዱን ይዞ ቀረ። ረቢአ ግን «አልሀምዱሊላህ!» ብላ የልጇን ግንባር ሳመች። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንቅልፍ አሳጣኸኝ እኮ! የሸምሱ ነገር መስሎኝ...» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሙህዲን መሬት ብትውጠው ወደደ። እናቱን በሰው ወስፋት ማስደሰት!

«ንፍጥ የመሰለ ነገር፣ ደም፣ የለህም?» አለው ይበልጣል።

«የለኝም።»

«ጥሩ። ትንሽ ንፍጥማ ጤነኛም ሰው አለው፤ አንጀት ራሱን የሚያለሰልስበት ነው። ሲበዛ ግን አሜባ ወይም ሌላ ተሕዋስ፣ አንዳንዴም የአንጀት ቁስለት ሊሆን ይችላል። ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለህ፣ ከሰነበተ፣ ወይ ሰውነትህ ከቀነሰ ቶሎ ና። አብዛኛው በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ሰው ግን እያፈረ ይዘገያል።»

ደጅ ሲወጡ ረቢአ ባጃጅ ልትጠራ ሄደች። ሙስዐብ የጓደኛውን እጅጌ ሳበው።

«ስማ፣ ክኒኑ የኔ ነው። አንተ ምን ልትውጥ ነው?»

«ሙስዐብ... ደም አለው።»

የሙስዐብ ሳቅ ጥፍት አለ። «ለእናትህ ንገራት።»

«እንደ አጎቴ ቢሆንስ?»

«ባይሆንስ? ለማንኛውም የኔ ወስፋት አያድንህም።»

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። «ና እንጂ!» አለች ረቢአ። ሙህዲን ወደ ባጃጁ ተጠጋ። አንድ እግሩን ወደ ባጃጁ ካነሳ በኋላ መልሶ አወረደው።

«እማ፣ አንሄድም።»

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?»

«የተመረመረው የኔ አይደለም። የኔ... ደም አለው። ፈርቼ ነው።»

ሙህዲን ቁጣ ጠበቀ። ረቢአ ግን ሹፌሩን በእጇ አሰናበተችና ልጇን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ሸምሱም እንዲህ ፈርቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ግን ለማንም አልተናገረም።»

ሙህዲን እንባውን በእጁ ጠራረገ። ከዚያ እናቱን ቀድሞ ሄደና የይበልጣልን በር አንኳኳ።