ሐሚዳ ያላየችው ድኩላ

«ቀንድ ነበረው?»

ሐሚዳ ከወረቀቱ ቀና አለች። ጠያቂዋ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የኢንሹራንሱ የጉዳት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። በመነጽራቸው አናት ላይ ያይዋታል።

«ምን አሉኝ?»

«ድኩላው ነዋ። ቀንድ ነበረው ወይ?»

«እ... እሱንም ልጻፍ?»

«ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፣ የኔ ልጅ። አባትሽ የራሱን ቃል ጽፏል። ያንቺን ከሱ ጋር አስተያያለሁ።»

ወረቀቱ ላይ እስካሁን የጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ድኩላው ከቀኝ በኩል ዘሎ ሲገባ አየሁ» ይላል። ሐሚዳ ግን አላየችም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሐሙስ ነው። ዓለም ገና ከተማ አክስቷ ቤት አድራ፣ ለትምህርት እንድትደርስ አባቷ ከድር ሊነጋጋ ሲል በቪትዝ መኪናው መጥቶ ወሰዳት። በዚያች መኪና ሰው እያመላለሰ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። ከፉሪ ጋራ ሥር ሲደርሱ ጉም ወረደ። በሷ በኩል ያለው መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ።

«ሐሚ፣ ቀኙን እዪልኝ» አላት።

የክፍል ጓደኛዋ አክሱማዊት ቪዲዮ ልካላት ነበር። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ «ባዶ ነው፣ አባ» አለችው።

ከዚያ ጓ! አለ። የፊት መስታወቱ ተሰነጣጠቀ። አባቷ ወረደ። «እንዳትወጪ!» ብሎ ጮኸባት። በተሰነጠቀው መስታወት ያየችው ጀርባውን ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ወደ ሣሩ ጎተተ። ተመልሶ ገባ። «ድኩላ ነው» አላት። «ምስኪን። ካንቺ በኩል ነው የመጣው፤ አየሽው አይደል?»

«አዎ» አለች። ለምን እንዳለች እስካሁን አታውቅም።

እሷን ትምህርት ቤት አድርሶ በቀጥታ ወደ ላቫጆ ሄደ። ደም ነጃሳ ነው፣ በእምነታችን ያረክሳል፤ ነጃሳ ይዤ አልውልም ብሎ መኪናውን አሳጠበ። ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለው በኋላ ነው። ወደ ቦታው ሲመለስ ሣሩ ተኝቷል፤ ድኩላው የለም። ጅብ ይሁን ውሻ፣ ምን እንደወሰደው አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ፣ ኢንሹራንሱ እስኪያሠራት፣ ጀሞ የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሥር ቆማለች። አባቷ ጠዋት ጠዋት ወርዶ ኮፈኑን ይነካካና ይመለሳል። አክሱማዊት ደግሞ ክፍል ውስጥ ሙድ ይዛባታለች። «ፉሪ ላይ ድኩላ? አቦ ተይን! አንበሳውንስ የት ጣላችሁት?»

ሐሚዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ የአባዬ ቃል ብቻውን አይበቃም?»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚኝ። አህያ ገጨሁ፣ ላም ገጨሁ የሚል በየቀኑ ይመጣል። ድኩላ ያለኝ ያንቺ አባት የመጀመሪያው ነው። እሱስ ይሁን። ደሙን አሳጥቦ መጣ። ሰው ገጭቶ የሚደብቅም እኮ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

«አባዬ ሰው አልገጨም!»

«ገጨ አላልኩም። ያየ ሰው ያስፈልገኛል ነው ያልኩት። ካልተገኘ ፋይሉ እዚሁ ይቀመጣል። እናንተም ትጠብቃላችሁ።»

ሐሚዳ ወረቀቱን እንደገና አየችው። ድኩላ ነው ብሏታል። አባቷ ዋሽቶ አያውቅም። ግን ያ የጎተተው ነገር ምን ያህል ነበር? ረጅም ነበር? ለማስታወስ ሞከረች። የሚመጣላት የጃኬቱ ጀርባ ብቻ ነው። አባቷን እየተጠራጠረች መሆኑ ሲገባት ፊቷ ጋለ።

ቀንድ ነበረው ብላ ብትጽፍና አባቷ አልነበረውም ብሎ ቢሆንስ? ደግሞ ቢገጥምላትስ? አባቷ እውነት ተናግሮ፣ እውነቱ በሷ ውሸት ሊታመን ነው። ይኼ ጥሩ ነው መጥፎ? አላየሁም ብትልስ? ቀኙን እዪ የተባለችው እሷ ናት። መኪናዋን ከሥራ ያስቆመቻት እሷ ልትሆን ነው። ያኔ በምን ዓይኑ ያያታል?

«ጨረስሽ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ሌላ ወረቀት ይስጡኝ።»

ሰጧት። ቶሎ ቶሎ ጻፈች። ቀኙን እንድታይ መታዘዟን፣ ስልክ ላይ መሆኗን፣ ሳታይ ባዶ ነው ማለቷን፣ ድምፁን፣ የአባቷን ጀርባ ብቻ ማየቷን። መጨረሻ ላይ «ድኩላውን አላየሁም። ድኩላ ነው ያለኝ አባቴ ነው» ብላ ፈረመች። የመጀመሪያውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው ምንም አይናገርም።

«ይኼ ይጠቅመዋል ይጎዳዋል፣ አላውቅም» አሉ። «ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ስልክ ላይ እንደነበርሽ አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔ አልነግረውም። ፋይሉን ሲያይ ግን ያነበዋል።»

ሐሚዳ ተነሥታ በሩን ከፈተች። አባቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«እህ፣ ነገርሻቸው? ምን አሉ?»

አልተቀመጠችም። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«አባ፣ እነሱ የሚሉትን ተወው» አለችው። «መጀመሪያ ላንተ የምነግርህ አለ።»