ዘጠኝ ልጆች ከምሳ በፊት

በጨረቃ ሦስተኛ ሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ያረፈደ ተማሪ አጥር ዘሎ ይገባል። አጥሩ ሦስት ሜትር ነው፤ ክብደት በቀለለበት አገር ሦስት ሜትር ምን አላት! ዘበኛው እንኳ ከሰለቸው ቆይቷል።

የሬጅስትራሯ የትርንጎ ራስ ምታት ግን አጥሩ ሳይሆን መዳፍ አንባቢው ነበር። መዳፍ አንባቢ ሲባል ጠንቋይ እንዳይመስላችሁ፤ ትሪ የሚያህል ሰሌዳ ነው። ተማሪው እጁን ሲያሳርፍበት፣ ከቆዳው ላይ ባገኛት ቅንጣት ዘሩን ለይቶ ይመዘግባል። በዓመት አንዴ ይቆጥራል፤ በቆጠራው መሠረት ለየብሔረሰቡ የቋንቋ መምህር ይመደባል። ከአሥር ልጅ በታች የቀረው ክፍል ይዘጋል፤ መምህሩም በመንኮራኩር ወደ ምድር ይሸኛል።

ዘንድሮ ተራው የጋሞኛው መምህር የዋኖ ይመስል ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከሁለት ተማሪ አንዱ የጋሞ ልጅ ነበር፤ ከተማዋን ከጨረር የሚጋርደውን ድንኳን የሸመኑት ወላጆቻቸው ናቸውና። ድንኳኑ ሲያልቅ ሸማኔዎቹ ሌላ ሊሸምኑ ማርስ ሄዱ። በምትካቸው ማዕድን ቆፋሪዎቹ ቤንጋሎች፣ ኢግቦዎችና ኮሪያውያን ልጆቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ዘጠኝ ናቸው ትርንጎዬ» አሏት መምህር ዋኖ፣ የቢሮዋን በር ተደግፈው። «አሥረኛውን ልውለድ እንዳልል ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ጋሼ፣ ቆጣሪው መሣሪያው ነው፤ እርስዎ አይደሉም።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ የሚጠብቃቸውን ታውቃለች። ሃያ ሁለት ዓመት ጨረቃ ላይ የላላ አጥንት የምድርን ክብደት አይችልም። ሐኪሙም «ምድር ከወረዱ ከአልጋ አይነሱም» ብሏቸዋል።

ቆጠራው ሌላ ጊዜ ጠዋት ነበር። ዘንድሮ ግን ከምድር የመጡት ኢንስፔክተር አቶ ስንሻው መንኮራኩሩ ውስጥ ሲያስመልሳቸው አርፍደው፣ ደርሰውም ከልጆቹ ጋር ምሳ ካልበላሁ ብለው፣ ከምሳ በኋላ ሆነ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ተሰልፈው መዳፋቸውን አሳረፉ። ውጤቱ ወጣ፤ ጋሞ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ቤንጋል ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ኢግቦም እንደዚያው። በግቢው ያሉት ስምንቱም ዘሮች እኩል ሆነው፣ ትምህርት ቤቱ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጋ ተማሪ አገኘ።

«የኔ እህት፣ ይሄ ማሽን ነው ወይስ ምርጫ?» አሉ አቶ ስንሻው።

ትርንጎ ማሽን የተማረችው ፈታ እየገጠመች ነው፤ ማንም አላስተማራትም፣ ማንንም አትለምንም። ሰሌዳውን ነቀለችው። ደህና ነው። የራሷን መዳፍ አሳረፈች፤ «ጉራጌ» አለ፣ ሌላ ምንም። በግቢው አንድ ዘር ብቻ ያላት እሷ ሆና ቀረች። ምሳዋን ሁልጊዜ ቢሮዋን ቆልፋ እንደምትበላ ያኔ ትዝ አላት።

ከሰልፉ ውስጥ ሩማ የምትባለውን የቤንጋል ልጅ ጠራቻት።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ውኃ የሚሰጠን ከምሳ በፊት ብቻ ነው፣ ቲቸር።»

«ከማን ጋር በላሽ?»

«ከሁሉም! ምሳቃችንን አንድ ላይ ደፍተን፣ እየዞርን እንጎራረሳለን። ብቻውን የሚበላ ሆዳም ነው።»

ትርንጎ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ይሄንን ደግሞ ማነው ያስተማራችሁ?»

«ጋሽ ዋኖ ናቸዋ!»

«የሁሉም ቅንጣት ሁሉም እጅ ላይ አለ ማለት ነዋ! በሉ ታጥበው ይቆጠሩ!» ብለው አቶ ስንሻው አዘዙ። የነገው ራሽን ውኃ ሁሉ ተደፋ። ልጆቹ ታጥበው ተቆጠሩ፤ ጋሞ ዘጠኝ። መምህር ዋኖ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ደንቡን ያሳዩኝ» አለች ትርንጎ።

አሳዩዋት። የተማሪው መዳፍ ይነበባል ይላል እንጂ፣ መቼ እንደሚነበብ፣ ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ፣ አንድም ቃል የለውም።

«እንግዲያው ሁለት ቅጽ አለኝ። ከምሳ በፊት ዘጠኝ፤ ከምሳ በኋላ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። አንዱ ላይ ይፈርሙ።»

«ቀልድ ነው የያዝሽው?» ብለው ዘጠኝ የሚለው ቅጽ ላይ ለመፈረም መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ። መሣሪያው ጮኸ፤ «ፈራሚው ስምንት ዘር አለው። አዲስ ተማሪ ልመዝግብ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሩማ ከሳቋ ብዛት አንድ ሜትር ወደ ላይ ተነሳች።

ውኃ አልቋል። ትርንጎ አልኮል የነካው መሐረብ አቀረበችላቸው፤ መቼም በጉልበት አሸነፈችኝ እንዲባልባት አትፈልግም። «ጠርገው እንደ ራስዎ መፈረም ይችላሉ።»

አቶ ስንሻው መሐረቡን ተቀበሉ። መዳፋቸውን አዩ፣ አሸተቱትም። ወጡ የማን ቤት እንደሆነ አይለይም። መምህር ዋኖንም ዞር ብለው አዩ።

«ይቺ ልጅ ሦስቴ አጎረሰችኝ» አሉ ወደ ሩማ እያመለከቱ፣ ቀስ ብለው። «እኔን ሰው ካጎረሰኝ… ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም።»

መሐረቡን ሳይጠቀሙበት መለሱላት። ከምሳ በኋላ በሚለው ቅጽ ላይ፣ በስምንት ዘር ፈረሙ።

መንኮራኩሩ ሲነሳ መምህር ዋኖ አሁንም ከወንበሩ አልተነሱም ነበር።

«ስንት ሆኑልኝ በመጨረሻ?»

«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ጋሼ። ግን ከምሳ በኋላ ብቻ።» ትርንጎ ባዶ ምሳቃዋን ከመሳቢያዋ አውጥታ የቢሮዋን ቁልፍ በቦታው ከተተች። «ነገ ደግሞ ከኔ ጋር ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ሳይሆኑ አይቀሩም።»