የሚዞረው ብረት

ብረቱ ቋ ብሎ ዞረ። ሰጎን ገባች፤ በጓሮ በኩል ባለው መውጫ ወጥታ አጥሩን ታክካ መጣችና እንደገና ገፋችው። ቋ። ፀጉሯ ደረቅ ነው፤ የዋና ልብሷም ከቦርሳዋ አልወጣም።

«ፈጠን በይ እንጂ» አለች ሞተር ከኋላዋ። «ጋሼ ፊሽካ ዞር ሳይል።»

ሰጎን የሚሏት እግሯ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ስለረዘመ ነው። ሞተር ደግሞ አፏ ስለማያርፍ። ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚዋኙት በዚሁ የከተማው ገንዳ ነው። ወሩ ሲገባ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት እንዳጠረውና ሰው የማይበዛበትን መዝናኛ እንደሚዘጋ ተናገረ። በገንዳውና በስፖርት አዳራሹ በር ላይም ሲገፉት የሚዞር፣ የገባውን ሰው የሚቆጥር ብረት ተተከለ። ሞተር ዘዴው የመጣላት የዚያኑ ዕለት ነው።

«ውሸት አይደለም እኮ» ትላለች። «ገብተናል? ገብተናል። አንዴ ብቻ ግቡ ያለን የለም።»

የዋና ቡድኑ ልጆች በሙሉ ተከተሏት። ከትምህርት መልስ አጥሩን የሚዞር እንጂ የሚዋኝ ጠፋ። ነፍስ አድኑ ጋሼ ፊሽካ ባዶውን ውሃ እያየ ያዛጋ ጀመር።

ወሩ ባለቀ ሰሞን ሰጎን ወደ ቤት ስትመለስ አያቷን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት ከታመሙ ወዲህ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ጠዋት ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ከእኩዮቻቸው ጋር ይለማመዳሉ፤ ከተሽከርካሪ ወንበር አንሥቶ ምርኩዝ ያስያዛቸው ያ አዳራሽ ነው።

«አባባ፣ ምነው እዚህ?»

«ነዳጅ ጨርሼ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ይዘጋል።»

«ለምን?»

«ገንዳው ሰው በዝቶበት ነፍስ አድን መጨመር አለበት ተባለ። የእነሱ ደመወዝ ከእኛ ተገኘ።» ትከሻዋን ተደግፈው ተነሡ። «ተይ፣ አትዘኚ። ለልጆች ከሆነ እሰየው። እኛማ ጋራዥ የገባን ነን።»

አያቷ አንድ እርከን ይወጣሉ፣ ያርፋሉ፤ ሌላውን ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። እዚያ ነው ሰጎን ሁሉንም የነገረቻቸው፤ ብረቱን፣ አጥሩን፣ ደረቁን ፀጉሯን።

ሳያቋርጧት ሰሙ።

«ተመስገን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ገና አልተዘጋም። ለእኔ ነገርሽኝ፤ መልካም። ግን ልጄ፣ በሩን የምዘጋውም የምከፍተውም እኔ አይደለሁም።»

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት አዳራሹ ሊዘጋ መሆኑንና ማዘጋጃ ቤት ሄዳ እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ለሞተር ነገረቻት።

«ማዘጋጃ ቤት? ለየልሽ ማለት ነው?» አለች ሞተር። «ገንዳው ቢዘጋስ? ሁላችንም በአንቺ ምክንያት ልንባረር?»

«አባባስ?»

«አታካብጂ ባክሽ። ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል።»

«የአንቺን ስም አላነሣም። የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።»

ሞተር ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች፤ ቀኑን ሙሉም አላናገረቻትም።

ሰጎን ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ሄደች። የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ ተቀምጧል። ጨርሳ እስክትናገር ጠበቋት።

«አንቺ ብቻሽን ስንት ጊዜ ዞርሽ?»

«መቁጠር እስኪያቅተኝ።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳቸው ብላ ሰጎን ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነው።

«እኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ገብቶ ሻወሩ ለምን ይደርቃል እያልን ግራ ገብቶን ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰው ሲበዛ ነፍስ አድን መብዛት አለበት፣ ደንቡ ነው። አዳራሹን ዘግተንም ገንዘቡ አልሞላልን ብሏል። ነገ በስብሰባው ላይ ገንዳውም ይዘጋ ልል ነበር።»

«ገንዳውም?»

«ገንዳውም። ልታድኑት ብላችሁ ልታሰጥሙት ነበር።»

ሰጎን ወንበሩን አጥብቃ ያዘች። «አሁንስ?»

«አሁንማ እንደገና ይቆጠራል። የሚዋኘውን ሰው አንድ ነፍስ አድን ከቻለው፣ አዳራሹን የምዘጋበት ምክንያት የለኝም። ሰዓት መቀነሳችን ግን አይቀርም። ገንዳው ሰኞ ሰኞ ይዘጋል፤ አዳራሹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ።»

«አባባ የሚሄዱት ጠዋት ነው።» ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«ጠዋቱ የእነሱ ነው።»

ሰጎን ወንበሩን ለቀቀችው። «ቅጣትስ?»

«አለሽ እንጂ። ለነፍስ አድኑ ራስሽ ትነግሪዋለሽ።»

ስትወጣ ሞተር በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ስሜን ጠራሽው?»

«አልጠራሁትም።»

«ራሴ ልጠራው መጥቼ እግሬ አልገባ ብሎኝ ነው» አለች ሞተር። ትንሽ አመነታችና በሩን አንኳኩታ ገባች። ሰጎንም ውጪ ሆና እስክትወጣ ጠበቀቻት።

ማታ ለአያቷ ስትነግራቸው ምርኩዛቸውን በወለሉ መታ መታ አደረጉ። «ሞተሩ ተነሣ በይኛ» አሉ።

በማግሥቱ ጋሼ ፊሽካ ታሪኩን ሰምቶ አልተቆጣም። ፊሽካውን ብቻ ጆሮዋ ሥር ነፋው፤ ጆሮዋ እስኪጮህ ድረስ። ከዚያ አዲሱ ቆጠራ ተጀመረና ልጆቹ በር ላይ ተሰለፉ። ሰጎን ብረቱን ገፋችው። ቋ። ወደ ውሃው ስትራመድ ነው ትዝ ያላት፤ ቦርሳዋን ውጪ ወንበሩ ላይ ትታዋለች።

«ወጥተሽ ውሰጂ እንጂ» አለች ሞተር ከሰልፉ ውስጥ። «አንዴ ብትደገም ምን አለበት?»

ሰጎን ብረቱን አየችው።

«በአጥሩ ላይ ወርውሪልኝ።»

ሞተር ሣቀችና ወረወረችው። ቦርሳው አጥሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሰጎን በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ቁመቷን ሁሉ አውጥታ አወረደችው።