ካልገደልከው ለምን አለበስከው?

ሙስአብ ጫማ ሰፊው በሚኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጋቢ ለብሷል። ጋቢው የእሱ አልነበረም።

ምክትል ኢንስፔክተር ሴና ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ተጠርጣሪው ግን ተነስቶ ተወስዷል። አስከሬን ሐኪም ይጠብቃል፣ መኪና ይጠብቃል፤ ተጠርጣሪ ምንም አይጠብቅም።

የተያዙት የግቢው ጥበቃ ጋሽ ቶሌሳ ናቸው። ጣቢያ ስትመለስ አለቃዋ ኮማንደር ፍሰሐ ሽማግሌውን ፊታቸው አስቁመው አገኘቻቸው።

«መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ጋቢውስ?»

«የኔ ነው።»

«ደሙስ?»

«የእሱ ነው።»

«ካልገደልከው ለምን አለበስከው?»

ጋሽ ቶሌሳ ጥያቄውን አገላብጠው አዩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም።

«በርዶት ነበር» አሉ።

«ሞቶ?»

«ሞቶም ቢሆን።»

ኮማንደሩ ወደ ሴና ዞሩ። «አየሽ? መልስ የለውም። ነገ ፍርድ ቤት አቅርቢውና ቀጠሮ ጠይቂበት። ቀሪ ምርመራ አለን በይ።»

«ምን ቀረን ጌታዬ?»

«እሱን ቀጠሮው ከተሰጠን በኋላ እናስብበታለን።»

ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ሕጉ አጣርተህ እሰር ይላል፤ እሳቸው አስረው ያጣራሉ። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ብቻ ይመስላቸዋል። ችግሩ፣ የታሰረ ሰው ካለ ለማጣራት የሚቸኩል ሰው አይኖርም።

ሴና ግን ቸኮለች። ነገ ቅርብ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ተመለሰች።

ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሐምሌ ስለሆነ በንፋስ የገባ ዝናብ ያረጥበዋል። አምፑሉ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ የሚቀይር ኮሚቴ ተቋቁሞለታል። ነዋሪውን አንድ በአንድ ጠየቀች። ማንም ምንም አላየም፣ አልሰማም። እንዲህ ያለ እንቅልፋም ሕንፃ አይታ አታውቅም። አንዱ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሱቅ ሸሪኩ ጋር ተጣልተው ነበር» አላት።

ሸሪኩ አብዱልሃኪም ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እንደ ቁም ሳጥን በምትጠብ ሱቅ ውስጥ አንድ ጫማ ታቅፎ ተቀምጧል።

«ከሙስአብ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል። አንድ ሱቅ፣ አንድ መዶሻ፣ ሁለት ግትር። በየቀኑ እንጣላለን።»

«እገድልሃለሁ ብለኸዋል አሉ።»

«ማክሰኞ እኔ አልኩት። ረቡዕ እሱ አለኝ።»

«ትናንት የት አደርክ?»

«ቡታጅራ፣ ለቅሶ። ሚኒባስ ሙሉ ምስክር አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ነው አብረን የገባነው።» ከዚያ ጫማውን ፊቱ ላይ አደረገው። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

ሴና የሚኒባሱን ሰዎች ጠየቀች። እውነቱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጠራት።

«ማንም አልገፋውም። ጥፍሩ ውስጥ የግድግዳው ኖራ አለ፤ ሲያዳልጠው የሚይዘው ሲፈልግ ነው። ጎህ ሳይቀድ ለሱብሒ ሶላት ሲወጣ ይመስለኛል። መውደቁም አልገደለውም። ደሙ ቀስ እያለ፣ እስኪነጋ ድረስ ነው የፈሰሰው።»

«የሚያነሳው ቢያገኝስ?»

«ይተርፍ ነበር።» ሐኪሙ በመቆንጠጫ አንድ ነገር አነሳ። «ይኼ ደግሞ ከፀጉሩ ጋር በደም ተጣብቆ ነው የተገኘው።»

ቢጫ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነው። እንዲህ ያለው ፍርፋሪ የሚጠቀጠቀው ርካሽ ትራስ ውስጥ ነው። ከደረጃው ሥር ግን ትራስ አልነበረም።

አንድ ሰው ጭንቅላቱን ትራስ ላይ አሳርፎለታል። ያው ሰው ትራሱን መልሶ ወስዷል።

ወደ ግቢው ስትመለስ ያካፋል። የልብስ ገመዱ ባዶ ነው፤ በሐምሌ ማን አጥቦ ያሰጣል? ምድር ቤት፣ ከደረጃው አጠገብ ካለው በር ፊት ለፊት ግን አንድ የትራስ ልብስ ዝናብ ላይ ተሰጥቷል።

ሴና አንኳኳች። ጎልማሳ ሴት ከፈተችላት። ከኋላዋ፣ አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ጫማውን እያደረገ ነው። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«ጋሼ ሊወጡ ነው?» አለች ሴና።

«አይወጣም» አለች ሴትዮዋ። ሎሚ ትባላለች። «ዱጉማ በር በተንኳኳ ቁጥር ጫማውን ያደርጋል። የሚወስዱት እየመሰለው።»

ሴና ከዝናቡ ያነሳችውን የትራስ ልብስ ዘረጋችላት። ሎሚ አየችው። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ሲወድቅ ሰማሁት» አለች። «ትራስ ይዤ ወጣሁ። ውኃ አቀመስኩት። ‹አይዞህ ሙስአብ፣ ሰው እጠራለሁ› አልኩት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይኼን አሰብኩት።» በአገጯ ወደ አልጋው አመለከተች። «ታክሲ ነበር የሚነዳው። ሰንጋ ተራ ላይ መኪና ገጭቶ ጥሎት የሄደውን ሰው አገኘ። ተሳፋሪውን አውርዶ ሐኪም ቤት ወሰደው። ‹ካልገጨኸው ለምን አነሳኸው?› ብለው አሰሩት። ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ። የተገጨው ሰውዬ ሲነቃ ‹ያዳነኝ እሱ ነው› አለ። ያን ጊዜ ‹ውጣ› አሉት። ይቅርታ እንኳ አላሉትም። የጫማውን ማሰሪያ እንኳ አልመለሱለትም። ቤቱ ገባ፤ አሁንም አልወጣም።»

«ትራሱንስ?»

«ትራሱ ከተገኘ እኔን ትይዣለሽ። እኔ ከታሰርኩ እሱን ማን ያጎርሰዋል?» በበሩ በኩል ወደ ደረጃው አየች። «ሙስአብ እያየኝ ነው ከሥሩ የጎተትኩት። ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ‹አይ ሎሚ› ብቻ አለኝ።»

ፎቅ ላይ ያሉትም እንደሰሙ ሴና አሁን ገባት። ሁሉም የዱጉማን ታሪክ ያውቃሉ። ሁሉም በራቸውን ቆልፈው ሲነጋ ጠበቁ፤ ያልቆለፉት በር የሌላቸው ጋሽ ቶሌሳ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ከዋናው በር ተነስተው ደረጃው ጋ ሲደርሱ ነግቶ ነበር።

ሴና ብዙ ልትናገር ፈለገች። የተናገረችው ግን አንድ ነው።

«ጋሽ ቶሌሳ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።»

ብላ ወጣች።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሏል። ዳኛው ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«ፖሊስ፣ ቀሪ ምርመራችሁ ምንድን ነው?»

«የለንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች ሴና።

ዳኛው ቀና አሉ። ከኋላ ኮማንደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የለንም ማለት?»

«ሟቹ አዳልጦት ነው የወደቀው። ተጠርጣሪው ያደረጉት ቢኖር ማልበስ ነው።»

«ሐኪሙ ከሟቹ ራስ ሥር ትራስ ነበር ይላል። ትራሱ የማን ነው?»

ሴና ከተናገረች ሎሚ ትታሰራለች። ካልተናገረች ጋሽ ቶሌሳ አይወጡም። ዳኛው ጠበቁ፤ ከዚያ ቀጠሮ ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሱ።

«የኔ ነው።»

ሎሚ ከኋላ ወንበር ቆማለች። ከፌስታል ውስጥ ትራሱን አወጣች። የደሙ ነጠብጣብ አለቀቀም።

«እኔ አደረግሁለት። እኔ ወሰድኩበት።»

«ለምን ወሰድሽበት?»

«እንዳትጠይቁኝ ብዬ።»

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጡት፤ ቆይተው እንደገና አነሱትና ጋሽ ቶሌሳ እንዲለቀቁ ጻፉ።

በር ላይ ኮማንደሩ ሴናን ጠበቋት።

«ያዢያት።»

«በምን ወንጀል?»

«በምርመራ ይታወቃል።»

ሴት ተጠርጣሪ የምትያዘው በሴት ፖሊስ ነው፤ በቦታው ደግሞ ከሴና ሌላ ሴት ፖሊስ አልነበረችም። እጇን ሳትነካት ሎሚ አጠገብ ቆመች። ሎሚ ራሷ ወደ ፖሊሱ ፒክአፕ ሄደች።

ከደጅ፣ አጥሩን ተደግፎ ዱጉማ ቆሟል። ወጥቷል። ማሰሪያ የሌለው ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ሚስቱ ስትሳፈር አየና ሴናን ጠጋ አላት።

«እኔን ትወስዳላችሁ ብዬ ነበር እኮ የጠበቅሁት» አላት፣ ስህተት ተሠርቶ እንደሆነ ሁሉ።

ሴና ዘወር ስትል ጋሽ ቶሌሳ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ወረዱ። የእስር ቤቱ ብርድ ገና አልለቀቃቸውም፤ ይንቀጠቀጣሉ።

«ጋሽ ቶሌሳ፣ ጋቢዎን ከኤግዚቢት ቤት አስወጣልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ፒክአፑ እስኪታጠፍ ድረስ አዩት።

«ተይው ልጄ» አሉ። «እዚያው ይቀመጥ። እጄ ላይ ካለ፣ የወደቀ ሰው ሳይ ደግሞ አለብሳለሁ።»

የኮታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ አነሱና በካፊያው ወደ ግቢያቸው ሄዱ።