ኪንታሮት ያለበት የሰም ፊት

መርማሪው ኦፒየስ ሲጠራ ሬሳው ተቃጥሎ አልቋል። ከሽማግሌው ከአውሉስ ሴንቲናስ የተረፈው ማሰሮ ውስጥ ያለ አመድና በእልፍኙ ቁም ሳጥን የተቆለፈበት የሰም ፊቱ ብቻ ነበር። በሮማውያኑ ከተማ በክሉሲዩም ትልቅ ሰው ሲሞት ፊቱ ላይ ጀሶ ይደፋል፤ በደረቀው ጀሶ ውስጥ ሰም ሲፈስስበት የሟቹ ፊት ከነጉድፉ ይወጣና ከአያት ቅድመ አያቶቹ ፊት ጎን ይቀመጣል።

«መርዝ ነው» አለ የሟቹ ልጅ ኑሜሪየስ፣ ገና በር ላይ። «ያቺ ግሪካዊት ባሪያ፣ ዶሪስ፣ ገንፎው ውስጥ ጨመረችበት። ዛሬ ገራፊው ይመጣል፤ ታምናለች፤ ትሰቀላለች፤ አለቀ።»

«ካለቀማ እኔን ለምን አስጠራኸኝ?»

«እኔ መቼ አስጠራሁህ? እናቴ ናት።»

ኦፒየስ የእንስላል ፍሬ አፉ ውስጥ ጣል አደረገ። ሆዱ ቶሎ የሚገላበጥበት ሰው ነበር፤ የሚያቅለሸልሸው ግን ሬሳ ሳይሆን ውሸት ነው። ዶሪስን ጓዳ ታስራ አገኛት። ገራፊው ሳይመጣ ከንፈሯ አብጧል።

«ሌሊት ምን ሰማሽ?»

«ምንም፣ ጌታዬ» ብላ አቀረቀረች።

ሌላ ምን ትበል? ጌታ በቤቱ ሲገደል ጩኸቱን ሰምቶ ያልደረሰለት ባሪያ እንደ ገዳዩ ይሰቀላል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ሰማሁ ያለ ይሞታል፣ አልሰማሁም ያለ እስኪታመን ድረስ ይገረፋል። ይህን ያወጡት ሰዎች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ታጥበው እራታቸውን ይበላሉ። ኧረ ቱፍ!

የሟቹ ሚስት ሃስቲያ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጣለች።

«እመቤቴ፣ ፊታቸውን ለምን ቆለፉበት?»

«ኑሜሪየስ ቀልጦ እንደገና ይሠራ ብሎ ነዋ! ቀራጩ ፊሎን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ለማየት አንጀቴ እንቢ ስላለኝ እንደተጠቀለለ ቆለፍኩት። እኔ እህቴ ቤት ነበር ያደርኩት። ስመለስ ገላው ፊቱን ተሸፍኖ ጠበቀኝ።»

«የመቃብር ሐውልታቸውስ እንዴት ይሁንልዎ?»

«እኔ ከሮማውያን በፊት እዚህ የነበሩት የኤትሩስኮች ልጅ ነኝ፣ ልጄ። የእኛ ሙታን በሸክላ ሣጥናቸው ክዳን ላይ በክርናቸው ተደግፈው፣ ጽዋ ይዘው፣ ቦርጫቸውን ዘርግፈው ነው የሚስቁት። አውሉስም እንደዚያ ይሁንልኝ፤ ከነቦርጩ፣ ከነኪንታሮቱ።» የግራ ጉንጯን ነካች። «እዚህ ጋ ነበረች፤ ሽንብራ ታህላለች። ስስመው ትኮረኩረኝ ነበር።»

«ከልጃቸው ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ኑሜሪየስ ለከተማው ሹመት ሊወዳደር ቋምጧል። አባቱ ደግሞ ‹እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም› አለው። አባት በሕይወት ካለ ልጅ ጸጉሩ ቢሸብት እንኳ በሕግ ሕፃን ነው፤ ታውቀው የለ?» አለችና ምን እንደተናገረች ገብቷት አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

የቀራጩ የፊሎን መሥሪያ ቤት ከግቢው ጀርባ ነው። የሚፈላው የአጥንት ሙጫ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ኦፒየስ ወደዚያ ሲገባ ኑሜሪየስ ተከትሎት ደረሰ። መደቡ ላይ በእብነ በረድ የተቀረጸ የሽማግሌ ራስ ቆሟል፤ ግንባሩ እንደታረሰ መሬት ተተልትሏል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ዓይኑ ሥር ቆዳው ተንጠልጥሏል።

«አባትህ ናቸው?»

«እኔ ነኝ!» አለ ኑሜሪየስ ተቆጥቶ።

ኦፒየስ ድንጋዩን አየ፤ ሰውየውን አየ። የኑሜሪየስ ፊት ቅቤ እንደጠጣ ቁርበት ወዛም፣ አንድ መስመር የሌለበት ነው። ሳይደክም የደከመ ለመምሰል ሽብሽባት አስቀርጿል! ሰው ለሹመት ሲል ምን የማያደርገው ነገር አለ?

«ሮማዊ ነኝ» አለ ኑሜሪየስ። «የሮማዊ ፊት ድካሙን ያሳያል። ምን ልሁን ታዲያ? እንደ ግሪክ ጎረምሳ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ዳሌዬን ሰብሬ ልሽኮርመም?»

«ደግ። አባትህስ እንዴት ይቀረጹ?»

«እሱማ በግሪክ ሥራ። ለስላሳ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ከንፈሩ የተዘጋ፤ ልክ እንደ አምላካቸው እንደ አፖሎ።»

«ኪንታሮቷስ?»

«ሲሞት መች ነበረች? ዋዜማውን ሲላጭ ምላጭ ቆረጣት። የሌለ ነገር አይቀረጽም።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«እርሻ ነበርኩ። ቀትር ላይ ስመጣ ፊቱ ተሸፍኗል። ገልጬ አላየሁትም።»

«ሳታየው አቃጠልከው?»

«ይሸት ነበራ!»

ኦፒየስ እንስላሉን ከአፉ ተፋ። ሌላ ቢጨምርም አልረዳውም።

ኑሜሪየስ ሲወጣ ፊሎን ከሙጫው ድስት ጀርባ ብቅ አለ። «ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሐውልታቸውን ልነድፍ ማልጄ ስገባ ሞተዋል። ገላቸው ሳይደርቅ ዘይት ቀብቼ ጀሶ ደፋሁ። ሳነሣው ጢማቸውን እየነቀለ ፊታቸውን አበላሸው፤ አስጠላኝና ሸፈንኳቸው።»

«ዘይት ስትቀባ ያየኸውን ለማን ነገርክ?»

ፊሎን ፊቱ አመድ መሰለ። «ለማንም። ግሪክ ነኝ፤ ‹ከግሪካዊቷ ጋር መክሮ ገደለ› ቢሉኝስ?»

ከሰዓት በኋላ ኦፒየስ ሁሉንም እልፍኝ ውስጥ ሰበሰበ። ዶሪስ እጇ እንደታሰረ በር ላይ ቆመች። ሃስቲያ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ የሴንቲናስ ሙታን ቢጫ የሰም ፊታቸውን ደርድረው ተመለከቷቸው። ፊሎን ጨርቁን ገለጠ።

«እናንተዬ!» አለች ሃስቲያ።

የሰሙ አፍንጫ ወደ ጎን ተጨፍልቋል። የታችኛው ከንፈር በራሱ ጥርስ ተበልቷል። ኪንታሮቷ ከሥሯ ተገንጥላ በቀጭን ቆዳ ተንጠልጥላለች።

«መርዝ አፍንጫ አይጨፈልቅም» አለ ኦፒየስ። «ትራስ ግን ይጨፈልቃል። ከባድ ሰው ትራስ ላይ ሲጫን ከንፈር በጥርስ ይቆረጣል፤ ኪንታሮትም ይገነጠላል። ገንፎው ንጹሕ ነው።»

«እሷ ናታ ያፈነችው!» ብሎ ጮኸ ኑሜሪየስ።

«ቆይ። ይህችን ኪንታሮት ከተገነጠለች ወዲህ ከፊሎን በቀር ያየ የለም። ፊሎን ደግሞ ጥፋተኛ ቢሆን በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ ያጠፋት ነበር፤ ሰም ናት። እናትህ ሐውልቱ ላይ ትቀረጽልኝ ይላሉ፤ እንደተቆረጠች እንኳ አያውቁም። አንተ ግን ፊቱን ሳታይ፣ ሰሙን ሳታይ፣ ሲሞት እንዳልነበረች ነገርከኝ።»

«ዶሪስ ነገረችኝ! ስትላጨው በምላጭ…»

«እመቤቴ፣ ጉንጫቸውን ይዳስሱት።»

ሃስቲያ ሰሙን ነካች። «ይኮሰኩሳል» አለች። «ታሞ ከተኛ ወዲህ አልተላጨማ። ‹ሲሻለኝ ትላጩኛላችሁ› ይለን ነበር።»

«ስለዚህ ምላጭ አልነበረም። ምላጩን የፈጠረው መገንጠሏን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔን መጀመሪያ ያነቃኝ ግን ያ ድንጋይህ ነው፣ ኑሜሪየስ። በራስህ ፊት ላይ የሌለ ሽብሽባት የምታስቀርጽ ሰው የአባትህን ጉድፍ ለማጥፋት ግሪክ ሆንክ። ሌሊት ከእርሻ መጥተህ፣ አፍነህ፣ ተመለስክ። ከዚያ ሰሙ ይቅለጥ፣ ገላው ይቃጠል፣ ባሪያዋ ትሰቀል! ለሹመት ብለህ! ትውከቴ መጣ፣ እውነቴን ነው።»

ኑሜሪየስ ወደ እናቱ ዞረ። «ጸጉሬ እስኪሸብት ልጅ ሆኜ ልቅር?» አለ። «እማዬ፣ አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ…»

እናቱ ፊቷን አዞረች። የከተማው ዘበኞች ይዘውት እስኪወጡ አልተመለከተችውም። ከዚያ በደረቅ ድምፅ «ፊሎን» አለች። «ያ የእሱ የድንጋይ ራስ ሽብሽባቱ ተዘጋጅቷል። ባሌን አድርግልኝ። ኪንታሮቷን ጨምርበት።»

«እመቤቴ፣ እብነ በረድ ላይ መጨመር የለም። መቀነስ ብቻ ነው።»

«ከእሱ ፊት ቀንስላት፤ እሷ እስክትወጣ ድረስ ላጠው!» ብላ ጮኸችና እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ያም ሆኖ ልጇ ነው።

ኦፒየስ የዶሪስን ገመድ ራሱ ፈታ። ሌሎቹ ሲበተኑ እሷ ከሰሙ ፊት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጌታዬ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ከንፈራቸውን ይዝጉላቸው። ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ይለምኑት ነበር። እኔ ከበሩ ጀርባ…»

«ዶሪስ!» አላት። የእንስላሉ ጣዕም አፉ ውስጥ መረረው። ገራፊው መሣሪያውን ይዞ በግቢው ሲያልፍ ይታያል፤ እንዲመለስ ገና አልተነገረውም። «ምንም አልሰማሽም። ስጠይቅሽ ነግረሽኛል።»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለች፤ «ምንም።»

እሱ ሊያሰናብተው ወደ ገራፊው ሄደ፤ እሷም የለቅሶውን እራት ልትሠራ ወደ ጓዳ ገባች።