አረንጓዴው ሲሊንደር

«ተነፈሰ! ቀጮ፣ ነይ እዪው፣ ቅጠሉ ተነፈሰ!»

ሞተር አፍንጫዋን የዓሣ ገንዳው መስታወት ላይ ለጥፋ ጮኸች። ሞተር የወጣላት ስም ነው፤ አንዴ ማውራት ከጀመረች ማጥፊያዋ አይገኝም። ጓደኛዋ ቀጮ ከጎኗ ተንበረከከች። እውነትም ሰሞኑን ቢጫ ሆኖ የተኛው ተክል ቀና ብሏል። ከቅጠሎቹ ጫፍ የመርፌ ራስ የምታህል አረፋ እየወጣች፣ ተላቅቃ ሽቅብ ትነጉዳለች።

ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ትዕይንት ይህን ለማድረስ የባዮሎጂ ክበቡ ብዙ ደክሟል። መምህሩ ገና ሲጀምሩ፣ «ተክል ውኃ ውስጥም ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ከየት እንደምታመጡለት እናንተው ምረጡ» ብለዋቸው ነበር። ቀጮ የመረጠችው እርሾና ስኳር ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ፣ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው መላክን ነው። ቀላል ነው፤ ግን አመለኛ ነው። ዛሬ ይንፈቀፈቃል፣ ነገ ያኮርፋል። ሞተር ደግሞ፣ «ሲሊንደር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ!» አለች። ሲሊንደር ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ ሲመሽ ይዘጉታል፤ በልክ ይሰጣል። ግን ክበቡ ለዓሣዎቹ ምግብ እንኳ እየቸገረው ሲሊንደር ከየት ይምጣ?

ከዚያ አንድ ጠዋት ሞተር በጨርቅ የተጠቀለለ አረንጓዴ ሲሊንደር እያንገዳገዳት ገባች። «አጎቴ ከብየዳ ቤቱ ሰጠኝ።» መምህሩ የግፊት መቆጣጠሪያውን አገላብጠው አዩና፣ «አጎትሽን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አሉ።

ቀጮም ደስ አላት። ቱቦውን ስታጠብቅ ግን ጥፍሯ ቀለሙን ላጠው፤ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ ብቅ አለ። እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ከዚያ ማንም ሳያያት የተላጠውን በኩል ወደ ግድግዳው አዞረችው። ምን አገባኝ፣ አለች በሆዷ።

አሁን ቅጠሉ ሲተነፍስ እያየች፣ ያቺ ቀይ ነጥብ ዐይኗ ላይ ድቅን አለችባት።

በሩ ተከፈተና እማማ ቁልፍ ገቡ። የትምህርት ቤቱን ክፍሎች የሚከፍቱና የሚዘጉ እሳቸው ናቸው፤ ገና ከሩቅ የቁልፎቻቸው ኮሽታ ይቀድማቸዋል።

«ልጆቼ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የነበረውን ቀዩን የእሳት ማጥፊያ አላያችሁም?»

«ኧረ አላየንም፣ እማማ!» አለች ሞተር፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው፤ እንግዲህ ሌባዋ እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ 'እስከ ነገ ካልተገኘ ሥራሽን አስረክቢ' ብለውኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» ጎንበስ ብለው የጠረጴዛዎቹን ሥር አዩ። ከዚያ ሞተርን፣ እሷን ብቻ፣ ትኩር ብለው አዩዋት። «አንቺስ የኔ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ፣ ይሁን» አሉና እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ቀጮ ኮሽታው እስኪርቅ ጠበቀች። «ሞተር፣ የአጎትሽ ሲሊንደር ከቀለሙ ሥር ቀይ ነው እንዴ?»

ሞተር ወደ በሩ ዞራ መዘጋቱን አየች።

«መቆጣጠሪያው የአጎቴ ነው» አለች። «እሱ ውሸት አይደለም። ማጥፊያው ደግሞ… ውስጡ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በቃ አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው። እሳት ተነስቶ ያውቃል እንዴ? ከትዕይንቱ በኋላ ልመልሰው ነበር።»

«እንዴት ገባሽ?»

«ቦርሳዬን ረሳሁ አልኳቸው። እግራቸውን አሟቸው ስለነበር፣ 'ሂጂ፣ አንቺው ክፈቺ' ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።»

ቀጮ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «እንግዲያው ያውቃሉ።»

«ምን?»

«አንቺ እንደሆንሽ ያውቃሉ። ዝም ያሉት ቁልፉን ለተማሪ መስጠት ክልክል ስለሆነ ነው እንዳትይ፤ እሳቸው እንደሆነ ያም ሆነ ይህ ሥራቸውን ሊያጡ ነው። አሁን እኮ ዐይንሽን እያዩ ለመኑሽ። ስምሽን ግን ለርዕሰ መምህሩ አልሰጡም።»

ሞተር እንባዋ መጣ። «ከተናገርሽ ያባርሩኛል። አባዬ ይገድለኛል! እኔና አንቺ እኮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ…»

ቀጮ ገንዳውን አየች። ትንንሾቹ ዓሦች በቅጠሎቹ መሃል ይሽሎከለካሉ። እንዲህ አምሮ አያውቅም። ትዕይንቱ ደርሷል፤ መምህሩ ስለ ገንዳው ለስንቱ አውርተዋል! የሲሊንደሩን መዝጊያ አጠበቀች፤ ቱቦውን ነቀለች።

«ትናገሪብኛለሽ?»

«ያንቺን አንቺ ትናገሪያለሽ። እኔ የምናገረው የራሴን ነው፤ ቀዩን አይቼ ወደ ግድግዳ ማዞሬን።» ሲሊንደሩ የመጣበትን ጨርቅ አነሳችና መልሳ ጣለችው። «ከባድ ነው። በዚያ በኩል ብትይዢልኝ ደስ ይለኛል።»

ሞተር ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ቀጮ ሲሊንደሩን ታቅፋ ወጣች። የእረፍት ሰዓት ስለነበር መተላለፊያው በተማሪ ተሞልቷል። «እንዴ ቀጮ፣ ጋዝ ልትሸጪ ነው?» አለ አንዱ፤ ጓደኞቹ አውካኩ። ብረቱ ደረቷን ይወጋታል። ከኋላዋ የሞተርን እርምጃ ለመስማት ጆሮዋን አቆመች፤ ከሁካታው መለየት ግን አልቻለችም። ዞራ አላየችም።

እማማ ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አረንጓዴውን ሲሊንደር አዩ፤ የተላጠውን ቀይ አዩ። ቀስ ብለው ተነሱ።

«ብቻሽን ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«እስካሁን፣ አዎ» አለችና ቀጮ በሩን አንኳኳች።